የእማዬ አርባ አራት

ሌላው ሰው ቅቤ ሲነጠር የሚሸተው ኮረሪማና ኮሰረት ነው። እኔን ግን ባሩድ ይሸተኛል። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ቤት ስደርስ ቅቤ እሳት ላይ ተጥዷል፤ "ምነው ቆምሽ? ግቢ እንጂ" እስክትለኝ ድረስ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምን ብዬ ላስረዳት? አሥር ዓመቴ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ካለ አሮጌ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ እንኖር ነበር፤ እናቴ ያን የሚያክል ሽጉጥ የገዛችውም በዚያ ሰመር ነው።

በዚያው ሰመር የአባቴ አባት፣ አባባ ውበቱ፣ ከደብረ ታቦር ገጠር ሊጠይቁን መጡ። እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ትሠራለች፤ ጠዋት ገብታ ትተኛለች። አባዬ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ሲነጋ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ስለዚህ አባባን መጠበቅ የኔ ሥራ ሆነ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን ግልጽ አልነበረም።

አባባ መቀመጥ አይሆንላቸውም። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳሉ። ከዘራቸውን ያነሡና ወለሉን ይመቱታል፤ ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነ ድምፅ አይሰጥም፤ ይናደዳሉ። "ይሄ ቤት ኮቴ የለውም እንዴ?" ይሉኛል፣ እኔ የደበቅኩት ይመስል። ወደ ፓርኪንግ እንወርዳለን። የቆመውን መኪና ሁሉ ጎማውን በከዘራ መታ መታ እያደረጉ ይዞሩታል፣ ላገኙት ሰው ሁሉ በአማርኛ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ሜክሲኮአዊቷ ጎረቤታችን በስፓኒሽ ትመልስላቸዋለች፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ያጉረመርማል፣ ይዘንባል ሲባል ይተወዋል። እንደገና ወደ ላይ እንወጣለን። እንደገና መስኮት። እኔንም ተጋባብኝ፤ አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ።

ከእማዬ ጋር ግን አልተጣጣሙም። ጠላት ሆነው አይደለም፤ አላዩዋትም ብል ይሻላል። እዚያው ከፊታቸው ቆማ በኔ በኩል ነው የሚያናግሯት።

"አባባ፣ ትንሽ ልጨምርልዎ?" ትላለች።

"በቃኝ በያት" ይሉኛል።

"ወጡ አልተስማማዎትም?"

"ጨው የለውም በያት።"

እኔም ዞር ብዬ "ሂ ሴይስ ኖ ሶልት" እላለሁ፤ እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ሳህኑን ታነሣለች። የልብ ሐኪም ስለ ጨው ያስጠነቀቃቸው እሳቸውን ራሳቸውን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው እማዬ ከኩሽና ስትመለስ ዐይኗ መቅላቱን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ "ግሮሰሪ ደርሰን እንምጣ" ብላ አባዬን ከአባባ ጋር ትታ ይዛኝ ወጣች። መኪናው ከከተማው ማዶ፣ ሌክውድ ድረስ ሄዶ ከአንድ ሰፊ ሱቅ ፊት ቆመ። ውስጡ የብረትና የዘይት ሽታ ነበረው። ሻጩ ሸበቶ፣ ቦርጫም፣ ትሑት ሰው ነበር፤ እማዬን አይቶ ሮዝ እጀታ ያላት፣ የሴት ቦርሳ የምትገባ ትንሽዬ ሽጉጥ አወጣላት። "ፎር ዩር ፐርስ፣ ማም" አላት። እማዬ ሮዟን በአንድ ጣቷ ወደ ጎን ገፋችና መስታወቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁን አመለከተች። ጥቁር ሰማያዊ ብረት፣ የእንጨት እጀታ፣ ከኔ ክንድ የማያንስ አፈሙዝ፣ ጥይት የሚጎርሰው ወፍራም ክብ ሆዱ።

"ዛት ዋን ኪክስ" አለ ሰውዬው፣ ሲተኮስ እጅ ይመታል ማለቱ ነው።

"አይ ኖው። ተኩሼበታለሁ" አለች እማዬ፤ መጨረሻውን በአማርኛ እንደተናገረችው እንኳ አልታወቃትም።

የሥራ ባልደረባዋ ከዚያ በፊት ሬንጅ፣ ተኩስ መለማመጃው ቦታ፣ ወስዳ እንዳስተኮሰቻት ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ነገሩን ያስጀመሩትስ የምትንከባከባቸው አንድ የድሮ ከብት አርቢ ሽማግሌ ናቸው፤ ስታጥባቸው፣ ስትገለብጣቸው፣ አጥር ላይ ቆርቆሮ ደርድረው ስለሚመቱበት ዘመን ያወሩላታል። የወንጀል ማጣሪያው ባክግራውንድ ቼክ እስኪመለስ ወንበር ላይ ስንጠብቅ እግሯ አንድ ጊዜ እንኳ ጸጥ አላለም።

"ማሚ፣ ሁ ኢዝ ኢት ፎር?" አልኳት።

"ለወረቀት ነው። ኢላማ ልመታበት።"

ይሄን የሚያክል ነገር ለወረቀት? ውሸት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሳህኑ፣ ጨው የሌለው ወጥ፣ የቀላው ዐይኗ ባንድ ላይ መጡብኝ። እናቴ አባባን ልትገድላቸው ነው።

አሁን ሳስበው እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሰማይ ነው የተደፋብኝ። ለማንም መናገር አይቻልም። ለአባዬ ብነግረው እማዬን ፖሊስ ይወስዳታል፤ ለአባባ ብነግራቸው አገራቸው ይገባሉ። ስለዚህ መላው ሁልጊዜ በመካከላቸው መገኘት ነው ብዬ ወሰንኩ። እራት ላይ መሀል እቀመጣለሁ። ሶፋ ላይ መሀል እቀመጣለሁ። አባባ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ። "ይቺ ልጅ ምን ሆናለች? እንደ መዥገር ተጣበቀችብኝ እኮ!" ብለው ለአባዬ ከሰሱኝ። አባዬ "ወዳዎት ነው" አለ፤ አባባም ደስ አላቸውና ከዚያ በኋላ ዝም አሉኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ግሮሰሪ እያልን ከእማዬ ጋር ሬንጅ እሄዳለሁ። ሬንጁ እዚያው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ልጆችና የማይተኩሱ ሰዎች ከመስታወት ግድግዳ ኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሆኜ አያታለሁ። እማዬ አጭር ናት፤ የሥራ ጫማዋን፣ ያን ነጭ ወፍራሙን፣ አድርጋ እግሯን ከፈት ታደርጋለች፣ በሁለት እጇ ትይዘዋለች፣ ትንፋሿን ታወጣለች። ያ ነገር ሲጮህ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ክንዷ ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ጎረቤት የሚተኩሱት ወንዶች ትንንሽ ሽጉጣቸውን ይዘው አንገታቸውን ያወጣሉ። እሷ ግን ትስቃለች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ሌላ የትም አይቻት አላውቅም፤ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ታነሣና ባዶ ቀለሁን አራግፋ ትሞላለች፤ እንደገና።

አንድ ቀን መኪና ውስጥ "ምኑ ነው ደስ የሚለው?" ብላት ሳትቸኩል መለሰችልኝ።

"ሥራ ላይ አንዱ ውሃ ይለኛል፣ አንዱ ገልብጪኝ ይለኛል፣ ደወሉ አያቋርጥም። ቤት ስገባ ደግሞ ታውቂዋለሽ። እዚያ ስቆም ግን ከፊቴ ያቺ ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት። ማንም አይጠራኝም። ስትተኩሺ ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም እኮ፣ ሶስናዬ፤ ጭንቅላቴ ጸጥ ይላል።"

እኔ የሰማሁት "ቤት ስገባ ታውቂዋለሽ" የሚለውን ብቻ ነበር። የተቀዳደደውን ወረቀት ጠቅልላ የመኪናው ኋላ ትከተዋለች፤ እኔ ደግሞ ስትወርድ ገልጬ አየዋለሁ። ቀዳዳዎቹ ወደ መሀል በቀረቡ ቁጥር እንቅልፌ ይርቃል።

አባዬ ነገሩን የደረሰበት ሳጥኑን ቁምሳጥን ላይ ሲያገኘው ነው። መኝታ ቤት ገብተው በሹክሹክታ ተጣሉ፤ እኔ በሩ ላይ ነኝ።

"አባቴ ካዩት ምን ይላሉ? ከሚስቱ ጀርባ የሚኖር ወንድ ነው ይሉኛል። ሞቼ ነው የምገኘው፣ አስናቁ!"

"የሰው ልጅ አንድ የሚወደው ነገር ቢኖረው ምናለበት? መጠጥ አልጠጣ፣ ጫት አልቅም፣ ካዚኖ አልሄድ።"

"ሽጪው።"

"አልሸጥም።" ከዚያ የእማዬ ድምፅ ዝቅ ብሎ፤ "እስኪሄዱ ልደብቀው። አባባ ካዩትና ከተቀየሙ ያን ጊዜ እሸጠዋለሁ። ቃሌ ነው።"

ይሄ ውል እኔን ይበልጥ አሳበደኝ። እማዬ የምትወደው ነገር አባባ ባለማየታቸው ላይ ተንጠለጠለ፤ አባባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከመዞር ሌላ ሥራ የላቸውም።

ፍልሰታ ገባ። ቤቱ ሽሮና ጎመን ብቻ ሆነ፤ ሙቀቱ በረታ፤ የሁሉም ፊት ጠቆረ። አንድ ቅዳሜ እማዬ ከሬንጅ ተመልሳ ሽጉጡን ጠራረገች፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ሳትቆልፈው አልጋው ጫፍ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጥይቱ መኪናው ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ያንን ሁልጊዜ አትረሳም። እኔ ሳሎን ካርቱን እያየሁ ነው። አባባ በፊቴ አለፉ፤ ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈዋል። ከነጠላው ጫፍ አፈሙዙ ወጥቶ ታየኝ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ቀደሟት! አልኩ በልቤ። ተከትዬያቸው ኩሽና ገባሁ። አባባ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተውታል። ፍሪጁን ከፍተው እሳቸው ራሳቸው ከአገር ያመጡትን የንጥር ቅቤ ብልቃጥ አወጡ፤ ጾም ስለሆነ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ በማንኪያ ዛቅ አደረጉ።

"አባባ፣ ምን ነው?" አልኳቸው።

"ደርቋል። አታይውም? ይሄን የመሰለ ብረት ሰው እንዲህ ያደርቀዋል?" በጨርቅ ያሹት ጀመር፤ አፈሙዙን፣ ቃታውን፣ ያን ክብ ሆድ ቀስ እያደረጉ እያዞሩ፣ ቀዳዳ ለቀዳዳ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ከመጡ ጀምሮ ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። "ምን ይሉታል ይሄን?"

"አርባ አራት" አልኩ፣ የጥይቱን ቁጥር ሱቁ ውስጥ እንደሰማሁት።

"አርባ አራት? እንደ ጎንደር ታቦት?" አሉና አማተቡ። ከዚያ መልሰው በነጠላቸው ሸፍነው ወሰዱት፤ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ታጥበው አልበቃቸው አለ።

እማዬ ስትነቃ ጩኸቷ ከታች ፓርኪንግ ድረስ ተሰማ። ሽጉጡ በኮረሪማና በኮሰረት ታሽቶ ያብረቀርቃል፤ ቃታው ሲሳብ ጩቅ ጩቅ ይላል። እጇን አሸተተችና "በፍልሰታ! ቅቤ!" ብላ ወደ ቧንቧ ሮጠች። አባዬ ከሥራ ሲገባ ሁላችንም ሳሎን ነበርን፤ ሽጉጡ መሀል ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል።

"የማን ነው ይሄ?" አሉ አባባ።

አባዬ ቀድሞ ሊመልስ ሞከረ። "የ... የኔ..."

"የኔ ነው" አለች እማዬ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ታደርጊበታለሽ በያት።"

"ወረቀት እመታበታለሁ" አለች ሳትጠብቀኝ።

"ወረቀት?" አባባ ጠረጴዛውን ትክ ብለው አዩት። "ጥይት ለሰርግ ይተኮሳል። ለለቅሶ ይተኮሳል። ጠላት ሲመጣ ይተኮሳል። ለወረቀት?" ተነሥተው ወደ መስኮታቸው ሄዱ።

"ሰማሽ አይደል?" አለ አባዬ በሹክሹክታ። እማዬም አልተከራከረችም። ቃሌ ቃል ነው አለች፤ የፊታችን ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ተኩሼ እዚያው ሱቁ እሸጠዋለሁ አለች። ሳምንቱን እንባዋን እየጠረገች በጥርስ ብሩሽ ስትፍቀው ከረመች። አንጀቴን በላችው። ወረቀት ብቻ እንደምትመታ ያን ሳምንት ነው ያመንኳት፤ ሰው ሊገድል ያሰበ ሰው ሽጉጡን ሲሸጥ እንዲያ አያለቅስም።

ቅዳሜ ስንወጣ አባባ ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። "እኔም እሄዳለሁ በያት" አሉኝ።

ከመስታወቱ ኋላ ተቀመጥን፤ ማለቴ እኔ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ቆሙ። እማዬ ቦታዋን ያዘች። የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ አባባ አልደነገጡም፤ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ እንጂ። ብረቱ ሲግል ከየስንጥቁ ያልወጣው ቅቤ መጨስ ጀመረ። አንዱ ተኳሽ በሩን ከፍቶ ወጣና አየሩን አሸተተ። "ኢዝ ሰምባዲ ኩኪንግ?" አለ። የዶሮ ወጥ ሽታ ከባሩድ ጋር ተደባልቆ ገባ፤ ሆዴ ጮኸ።

እማዬ የመጨረሻዋ ስለሆነ ነው መሰለኝ አልሳቀችም፤ አልቸኮለችም። አንድ በአንድ ተኮሰች። ወረቀቱ መሀሉ ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ብቻ ሆነ፤ ጥቁሯ ነጥብ ጠፋች። ያኔ ከጎኔ የሆነ ነገር ፈነዳ። አባባ ናቸው። ከዘራቸው ወደ ላይ ተሰብቋል፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሯል፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። "ዘራፍ!" አሉ። ሌላም አሉ፣ እየተንጎራደዱ፣ ወዲያ ወዲህ። ከዚያ በመሀል ቀጥ አሉ፤ አፋቸው ተከፍቶ፣ ከዘራቸው እንደተነሣ ቀረ።

ባንኮኒው ላይ ያለው ሸበቶ ሰውዬ "ኢዝ ሂ ኦኬ?" አለኝ።

"ሂ ኢዝ ፕሬዪንግ" አልኩት፤ አፍሬ መሬት ልግባ አልኩ።

እማዬ ዞር ያለችው ያን ጊዜ ነው። ጆሮዋ ተሸፍኗል፣ በመካከላችን ወፍራም መስታወት አለ። ያየችው የቀላ ዐይንና የተነሣ ከዘራ ነው። ፊቷ እንዴት እንደጨለመ አሁንም ይታየኛል። ሽጉጡን ወደ ሳጥኑ መለሰች። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛው ሰው ሰኞ ነው የሚገባው አሏት፤ ሰኞ እመጣለሁ ብላ ወጣን።

እማዬ ሀይዌይ አትወድም፤ ከሌክውድ እስከ ኦሮራ ኮልፋክስን ይዛ ነው የምትነዳው። መብራቱ ሁሉ ቀይ ነበር። አባባ ከፊት ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ፣ መስኮቱን ያወርዳሉ፣ ይዘጋሉ፣ ያወርዳሉ። ከተማውን አልፈን ወደ ሰፈራችን ስንቃረብ እማዬ ዐይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ተናገረች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ሰኞ እሸጠዋለሁ። ሰው ፊት እንዲያ እስኪቆጡ መድረስ አልነበረብኝም።"

አባባ ወደ እኔ ዞሩ፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። በያት የሚሉኝን ጠበቅኩ። እኔ መቀመጫዬ ላይ እሳት የተነሣብኝ መሰለኝ።

"አልተቆጡም!" አልኩ፣ በአማርኛ።

"እና ምን ሲሉ ነበር?"

ግማሹ ትርጉሙ አልገባኝም ነበር፤ ግን ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ገና አልበረደም። እንደሰማሁት፣ እጄን አንሥቼ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጮህኩት፤

"ዘራፍ!
ዐይኗ የማይስት፣ ክንዷ የማይዝል፣
ከመሀል ከመሀል ለቅማ የምትጥል፣
ዘራፍ! የ..."

"እዚህ ላይ አቆሙ" አልኩ።

እማዬ ፍሬን ያዘች። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋብን። "እውነቷን ነው፣ አባባ?"

አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ይቺ ልጅ ጆሮ አላት" አሉ። ቀጥለውም "አልጨረስኩትም" አሉ።

"ምኑን?"

"ፉከራውን። ሰው ሲፎከርለት የማን ልጅ እንደሆነ ይጠራል እንጂ እንዲሁ ይተዋል?" ዞረው እሷኑ አዩዋት፤ በኔ በኩል አላሉም። "አንቺ... የአባትሽ ስም ማነው?"

አባዬና እማዬ የተጋቡት ናይሮቢ ነው፤ ሽማግሌ የላከ የለም፣ ወላጅ የጠየቀ የለም። አሜሪካ ስትገባ ደግሞ ወረቀቷ ላይ አስናቀች ውበቱ ተብላ ተጻፈች፣ በራሳቸው በአባባ ስም። ስለዚህ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄው ለማንም አልመጣለትም።

"አድማሱ" አለች እማዬ። "አድማሱ ነው የሚባለው። ደሴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጠመንጃ አንድም ቀን ይዞ አያውቅም።"

"ልብስ ሰፊ ቢሆንስ? መኪናውን አቁሚው።"

ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ፓርክ አደረገች። አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሰውዬ የታጠበ ልብሱን መኪና ላይ ይጭናል። አባባ ወረዱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ጨበጡ። አስፋልቱ ላይ ኮቴያቸው ጥሩ አድርጎ ይሰማል። ከመጀመሪያው ጀመሩት፣ እየተንጎራደዱ፣ ፊት ለፊቷ፤ ሰውዬው ልብሱን እንደያዘ ቆመ። የተገቱበት ቦታ ሲደርሱ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ ሰደዱና "የአድማሱ ልጅ!" አሉ፤ ደገሙት፣ "የአድማሱ ልጅ!"

ሽጉጡን ስለ መሸጥ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ያነሣ የለም። እማዬ የመኪናውን በር በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።